የዎርክስቴሽን ግራፊክስ ካርድ በላፕቶፕና በዴስክቶፕ

የዎርክስቴሽን ግራፊክስ ካርድ ለምህንድስና ንድፍ፣ ለካርታ ሥራ፣ ለ3ዲ ሞዴል፣ ለቪዲዮ ቅንብርና ለሳይንሳዊ ስሌት የሚሠራ የኮምፒውተር አካል ነው። ዋናው ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ከጨዋታ ካርዱ ቺፕ ጋር አንድ ነው፤ የሚለያዩት በድራይቨር፣ በሜሞሪ መጠን፣ የሶፍትዌር አምራቾች በሚሰጡት ማረጋገጫና በዋጋ ነው። ካርዱ በሁለት መልክ ይመጣል። በዴስክቶፕ ውስጥ የራሱ ሰሌዳ፣ የራሱ ፋንና ብዙ ጊዜም የራሱ የኃይል ገመድ ኖሮት ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል። በላፕቶፕ ውስጥ ግን ቺፑና ሜሞሪው ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ማቀዝቀዣና አንድ ቻርጀር ይጋራሉ። ሁለቱ አንድ ስም ይዘው ገበያ ስለሚወጡ ገዢው አንድ ዕቃ በሁለት ሣጥን የቀረበለት ይመስለዋል። ስሙ ግን ስለ አቅሙ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አቅሙን ይበልጥ የሚናገሩት ካርዱ የሚፈቀድለት ዋትና የያዘው ሜሞሪ ናቸው።

ይህ ልዩነት ሙቀት በሚበዛበት፣ መብራት በሚቆራረጥበትና መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት ቦታ ይሰፋል። ስለዚህ ንጽጽሩ እዚህ የቀረበው ሜጋን፣ ነጌሌ ቦረናን፣ ያቤሎንና ሞያሌን በመሳሰሉ የደቡብ ከተሞች የሚሠራ ባለሙያ ከሚገጥመው ሁኔታ አንጻር ነው። ሜጋ የዲሬ ወረዳ ከተማ ስትሆን በያቤሎና በሞያሌ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በመጣጥፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ለባለሙያ ካርዶቹ ኳድሮ የሚለውን ስም ያወጣው ጂፎርስ 256 በተባለው የጨዋታ ካርድ ማግስት፣ በ1999 ማብቂያና በ2000 መጀመሪያ ግድም ነው። ኤኤምዲ በ2006 ኤቲአይን ሲገዛ ፋየርጂኤል የሚባለውን የባለሙያ ካርድ መስመር ወረሰ፤ በ2008 ፋየርፕሮ፣ በ2016 ደግሞ ራዲዮን ፕሮ ብሎ ሰየመው። ኢንቴል አርክ ፕሮን ይዞ የገባው በ2022 ነው። ኤንቪዲያ በ2020 አርቲኤክስ ኤ6000ን ሲያስተዋውቅ ኳድሮ የሚለውን ስም ለአዲሶቹ ካርዶች መጠቀም ተወ፤ ስሙ በባለሙያዎች አፍ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

አንድ ስም፣ ሁለት ቺፕ

በቀድሞው ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። የላፕቶፕ ኳድሮ በስሙ መጨረሻ ኤም የሚል ፊደል ነበረው፤ ኬ2100ኤም ወይም ኤም2000ኤም የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የላፕቶፕ ካርድ መሆኑን ያውቅ ነበር። ፓስካል በተባለው ትውልድ፣ በ2017 አካባቢ፣ ፊደሉ ወደቀ። ኳድሮ ፒ2000 የሚባል የዴስክቶፕ ካርድ ወጣ፤ ኳድሮ ፒ2000 የሚባል የላፕቶፕ ቺፕም ወጣ። የዴስክቶፑ 1,024 የስሌት ኮርና 5 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲኖረው የላፕቶፑ 768 ኮርና 4 ጊጋባይት ነበረው። ያነሰ ፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ ቺፑ ራሱ ሌላ፣ አነስ ያለ ቺፕ ነው።

በቀጣዮቹ ትውልዶችም ልማዱ ቀጠለ። አርቲኤክስ ኤ5000 በዴስክቶፕ 8,192 ኮር፣ 24 ጊጋባይት ሜሞሪና 230 ዋት ነው። በላፕቶፕ ያው አርቲኤክስ ኤ5000 ወደ 6,144 ኮርና 16 ጊጋባይት ይወርዳል፤ ኃይሉ ላፕቶፑን በሠራው ኩባንያ ምርጫ ከ80 እስከ 165 ዋት ይሆናል። እነዚህ የላፕቶፕ ቁጥሮች ለዴስክቶፕ ገበያ የታወቁ ናቸው፤ 6,144 ኮርና 16 ጊጋባይት የዴስክቶፑ አርቲኤክስ ኤ4000 ልክ ነው። እንግዲህ የላፕቶፑ “ኤ5000” በአካሉ የዴስክቶፕ “ኤ4000” ነው፤ ያውም የዴስክቶፑ በ140 ዋት ያለማቋረጥ ሲሠራ የላፕቶፑ እንደየሣጥኑ ከዚያ በታች ሊገደብ ይችላል። ታች ደረጃ ላይም እንዲሁ ነው፤ የዴስክቶፑ ኤ2000 3,328 ኮር ሲኖረው የላፕቶፑ 2,560 ብቻ ነው።

ከዚህ ተነስቶ “ላፕቶፕ ሁልጊዜ በኮር ያንሳል” የሚል ሕግ ማውጣት ግን ስህተት ነው። አዳ በተባለው ትውልድ የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4000 6,144 ኮር ሲኖረው የላፕቶፑ 7,424 አለው። ሜሞሪው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ዴስክቶፑ 20 ጊጋባይት፣ ላፕቶፑ 12። ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ነው። ቺፕ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ካሬ ጋርም ያድጋል፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ቮልቴጅ አብሮ መጨመር አለበት። ስለዚህ ብዙ ኮር በዝግታ ማሠራት ጥቂት ኮር በፍጥነት ከማሠራት ያነሰ ኃይል ይፈልጋል። የላፕቶፕ ንድፍ አውጪዎች ይህን ስለሚያውቁ ሰፋ ያለ ቺፕ ወስደው ፍጥነቱን ይይዙታል። ዋቱ በሲሶ ሲቀነስ ሥራው በሲሶ የማይቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከ2017 ጀምሮ ኤንቪዲያ ኃይሉ የተገደበውን የላፕቶፕ ቺፕ “ማክስ-ኪው” እያለ ለይቶ ይጠራው ነበር። ከ2021 ወዲህ ይህም ከስሙ ላይ ስለተነሳ፣ 80 ዋት የሚፈቀድለትና 165 ዋት የሚፈቀድለት ሁለት ላፕቶፕ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው ይቀመጣሉ። የሚገርመው በ2025 ስሙ በዴስክቶፕ በኩል ተመልሶ መጣ፦ አርቲኤክስ ፕሮ 6000 ብላክዌል 96 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ በ600 ዋትም፣ “ማክስ-ኪው” ተብሎ በ300 ዋትም ይሸጣል። ኤኤምዲ በዚህ ረገድ ለገዢው የተሻለ ግልጽነት አሳይቷል። በ2021 ራዲዮን ፕሮ ደብሊው6600ን ሲያወጣ የላፕቶፑን ደብሊው6600ኤም ብሎ ለየው፤ ሁለቱም 1,792 ኮርና 8 ጊጋባይት ነበራቸው።

ሙቀት፣ ከፍታና አቧራ

ግራፊክስ ካርድ የወሰደውን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱን የሚያወጣው በመጨረሻ የክፍሉ አየር ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆንና 33 ዲግሪ ሲሆን ቺፑ ከሚቆምበት የሙቀት ጣሪያ ጋር ያለው ርቀት ይለያያል። በዴስክቶፕ ውስጥ ትልልቅ ፋኖችና ሰፊ ቦታ ስላለ ልዩነቱ ይዋጣል። ላፕቶፕ ግን ቀድሞውኑ በጣሪያው ጠርዝ ላይ የተነደፈ ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ቺፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚው የሚያየው ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለቀ ሥራ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ሲፈጅ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው የሞያሌ ደረቅ ወቅት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ሰው ይህን ሳይለካ ያውቀዋል።

ከፍታም ድርሻ አለው፤ ግን ብዙ ሰው በሚገምተው አቅጣጫ አይደለም። አየር ከፍ ባለ ቦታ ስስ ስለሚሆን አንድ ፋን በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ኤችፒ ለዜድ ዴስክቶፖቹ የሚፈቅደው የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ከ1,524 ሜትር በላይ በየ305 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ገደቡ ወደ 32 ዲግሪ ይወርዳል፤ ወደ 1,500 ሜትር ላይ በምትገኘው ነጌሌ ቦረና ግን ሙሉው 35 ዲግሪ ይሠራል። ለኮምፒውተር ደጋ ሁልጊዜ ምቹ፣ ቆላ ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለት አይቻልም። ደጋው በከፍታው ምክንያት ገደቡ ቢቀንስበትም ክፍሉ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ያካክሰዋል፤ ቆላው የሚያካክስበት የለውም።

ይበልጥ የሚጎዳው አቧራ ነው። የቦረና ቀይ አቧራ የላፕቶፕን የማቀዝቀዣ ክንፎች በደቃቅ ሽፋን ይደፍናል፤ ክንፎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ለመደፈን ብዙ አይፈጅባቸውም። ዴስክቶፕ ክዳኑ ተከፍቶ በንፋሽ ይጸዳል። ላፕቶፕን ለማጽዳት የታች ሽፋኑን መፍታት፣ አንዳንዴም ማቀዝቀዣውን አንስቶ አዲስ ተርማል ፔስት መቀባት ይጠይቃል፤ ይህን በድፍረት የሚሠራ ባለሙያ በየከተማው አይገኝም።

መብራት

ላፕቶፕን በደቡብ ከተሞች ተመራጭ ያደረገው ፍጥነቱ ሳይሆን ባትሪው ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ዴስክቶፕ አብሮ ይሞታል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ ሃርድ ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል። ላፕቶፕ ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ባትሪው የሚሰጠው ጊዜ በማስታወቂያ የሚነገረው አይደለም። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ስለሆነ አምራቾች ከዚያ አያልፉም። ካርዱ 150 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 50 ዋት ቢወስድ ሙሉ ባትሪ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይበቃል። በተግባር ላፕቶፑ ከቻርጀር ሲነቀል ካርዱን በራሱ ጊዜ ወደ ዝቅተኛ ዋት ያወርደዋል፤ ጊዜው ይረዝማል፣ ሥራው ግን ያዘግማል። ባትሪው ሥራን አስቀምጦ በሰላም ለመዝጋት ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ 3ዲ ለመሥራት አይደለም።

በዴስክቶፕ በኩል ያለው መልስ ዩፒኤስ የሚባለው የባትሪ መጠባበቂያ ነው። በገበያ የተለመደው 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው 360 ዋት ግድም ነው። የኤ5000 ዴስክቶፕ ካርድ ብቻውን 230 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰር፣ ዲስክና ሞኒተር ሲጨመር 400 ዋትን ያልፋል፣ ዩፒኤሱም መብራት በሄደበት ቅጽበት ጮኾ ይጠፋል። ትልቅ ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር መግዛት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከካርዱ ዋጋ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት። ብዙ ገዢ ይህን የሚያስበው ዕቃው ከደረሰ በኋላ ነው።

  

ሦስተኛው መንገድ

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ የሚለው ጥያቄ አንድ ዓይነት ካርድ ይዘነጋል። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ራሱ እስከ 75 ዋት ስለሚሰጥ፣ ከዚያ በታች የሚበላ ካርድ ተጨማሪ የኃይል ገመድ አያስፈልገውም። አርቲኤክስ ኤ2000 በ70 ዋት 6 ወይም 12 ጊጋባይት፣ አርቲኤክስ 2000 አዳ በ70 ዋት 16 ጊጋባይት፣ አርቲኤክስ 4000 አዳ አነስተኛው በዚያው 70 ዋት 20 ጊጋባይት ሜሞሪ አላቸው። እንዲህ ያለ ካርድ በትንሽ ዴስክቶፕ ውስጥ ገብቶ ከሞኒተሩ ጋር ወደ 230 ዋት ያህል ነው፤ ተራ ዩፒኤስ ይሸከመዋል፣ ሥራ ለማስቀመጥና ለመዝጋት በቂ ደቂቃም ይሰጣል። የላፕቶፑ 2000 አዳ 8 ጊጋባይት ብቻ እንደያዘ ሲታሰብ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚሠራ የሜጋ ወይም የነጌሌ ባለሙያ ከሦስቱ ምርጫዎች ይህ ሳይሻል አይቀርም።

ሜሞሪ

ኮር ሲያንስ ሥራ ይዘገያል፤ ሜሞሪ ሲያንስ ሥራ ጨርሶ እምቢ ሊል ይችላል። በካርዱ ላይ ያለው ሜሞሪ ከሞላ ሶፍትዌሩ ወይ ቀርፋፋውን የኮምፒውተሩን ራም ይበደራል ወይ ይቆማል። የኮምፒውተሩን ራም መጨመር ይቻላል፤ የካርዱን ሜሞሪ ግን በላፕቶፕም ሆነ በዴስክቶፕ መጨመር አይቻልም። በዴስክቶፕ ቢያንስ ካርዱን አንስቶ ሌላ መሰካት አለ። በዚህ ምክንያት ከሁለት ካርዶች ኮሩ የበዛውንና ሜሞሪው የበዛውን መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ለካርታና ለ3ዲ ሥራ ሜሞሪው ያመዝናል።

ድራይቨርና ማረጋገጫ

አውቶዴስክ፣ ዳሶ፣ ሲመንስና ቤንትሊን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ሶፍትዌራቸው በየትኛው ካርድና በየትኛው ድራይቨር ተፈትኖ እንዳለፈ ዝርዝር ያወጣሉ። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ በዎርክስቴሽን ላፕቶፖቻቸው ላይ ይህን ማረጋገጫ እንደ መሸጫ ያቀርቡታል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ግን ለሁሉም አይደለም። ትልቅ የማሽን ስብስብ በሶሊድወርክስ ለሚያዞር መሐንዲስ ልዩነቱ ይታያል። የሕንጻ ምስል በሉሚየን ለሚያወጣ ወይም የሠርግ ቪዲዮ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ለሚያቀናብር ግን ተመጣጣኝ የጨዋታ ካርድ በግማሽ ዋጋም ሥራውን ይሠራል። በየከተማው ያሉ የፎቶና ቪዲዮ ቤቶች ዎርክስቴሽን የሚል ጽሑፍ ስላዩ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት የለባቸውም።

በቦረና ምን ይሠራበታል

ግራፊክስ ካርድ የማይፈልግ ሥራም አለ። የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በ2012 በቦረና የጀመረው የእንስሳት መድን ክፍያውን የሚወስነው የሞተ ከብት ቆጥሮ አይደለም፤ ሳተላይት የሚያየው የግጦሽ አረንጓዴነት ከቀደሙት ዓመታት ምን ያህል እንዳነሰ አይቶ ነው። ዕቅዱ ከዚያ በፊት በ2010 በኬንያ ማርሳቢት ተጀምሮ ነበር። ነገሩ ሲሰማ ግዙፍ ኮምፒውተር የሚጠይቅ ይመስላል። ሆኖም እያንዳንዱ ነጥብ 250 ሜትር በሚሸፍንበት የሳተላይት ምስል 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግጦሽ 160,000 ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ግራፊክስ ካርድ የሌለው ተራ ላፕቶፕም ያሰላዋል። ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት በሚሰጠው የ10 ሜትር ምስል ያው መሬት 100 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል፤ ያኔም ቢሆን የካርታ ሶፍትዌሩን ኪውጂአይኤስን የሚይዘው በአመዛኙ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ነው።

ሒሳቡ የሚለወጠው ድሮን ሲገባ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በሆነበት የድሮን ምስል አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ 400 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ ይህም ከሴንቲኔል-2 የ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ምስል አራት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ሶፍትዌሩ በመቶ የሚቆጠሩ ተደራራቢ ፎቶዎችን እያመሳከረ የመሬቱን ቅርጽ ማውጣት አለበት። ሜታሼፕና ፒክስ4ዲ የተባሉት ሶፍትዌሮች ይህን ስሌት ለግራፊክስ ካርዱ ይሰጣሉ፤ ሥራው ለሰዓታት ስለሚዘልቅም የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ የሚገለጠው እዚህ ነው። ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከዴስክቶፕ ጋር ተቀራርቦ ይሮጥና ሲሞቅ ወደ ኋላ ይቀራል። ለመንገድ፣ ለኩሬ ወይም ለከተማ ፕላን ቅየሳ ወደ መስክ የሚወጣ ቡድን ምስሉ ሙሉ መሆኑን ቦታው ላይ በላፕቶፕ አጣርቶ ዋናውን ስሌት ቢሮ ላለ ዴስክቶፕ ቢተው ይሻለዋል። የመንገድ ንድፍ የሚሠራበት ሲቪል 3ዲ በተቃራኒው የሚጠብቀው የአንዱን ፕሮሰሰር ኮር ፍጥነት ነው፤ ውድ ካርድ አያፈጥነውም።

ጥገናና ያገለገለ ዕቃ

ቀድሞ ኤምኤክስኤም በሚባለው ሰሌዳ የላፕቶፕን ካርድ ፈትቶ መቀየር የሚቻልባቸው ሞዴሎች ነበሩ። ዛሬ አብዛኛው ተበይዷል፤ ካርዱ ሲቃጠል ማዘርቦርዱ አብሮ ይሄዳል፣ ማዘርቦርዱ ደግሞ ከአዲስ አበባም ላይገኝ ይችላል። የዴስክቶፕ ካርድ ሲበላሽ ሌላ ካርድ በአውቶቡስ ተልኮ እንደደረሰ ሊሰካ ይችላል። ላፕቶፕን በተንደርቦልት ገመድ ከውጭ ካርድ ጋር ማገናኘትም አለ፤ ተንደርቦልት 3 በሰከንድ 40 ጊጋቢት ስለሚገደብ ካርዱ ከአቅሙ የተወሰነው ይባክናል፣ ሣጥኑም የራሱን መብራት ይፈልጋል።

በአገር ውስጥ ገበያ የሚዞሩት ብዙዎቹ ዎርክስቴሽን ላፕቶፖች ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የመጡ ናቸው። እነዚህን የሚገዛ ሰው በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል የሲስተም መረጃ ገጽ ላይ የኮሩን ቁጥር፣ የሜሞሪውን መጠንና፣ በአዲሶቹ ሞዴሎች፣ ለካርዱ የተፈቀደውን ከፍተኛ ዋት ማየት ይችላል። ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ከባድ ሥራ እያሠሩ የሙቀቱንና የፍጥነቱን ለውጥ መከታተል የተደፈነ ማቀዝቀዣን ያጋልጣል። ዕድሜም ይታያል፦ በ2025 የወጣው፣ ካርዱን ለስሌት የሚያሠራው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ኩዳ 13 ኳድሮ ኤምን፣ ኳድሮ ፒንና ቮልታ ላይ የተሠሩትን ካርዶች መደገፍ አቁሟል፤ ከኳድሮ ቲ1000ና ከቲ2000 ጀምሮ ያሉት የቱሪንግ ካርዶች ግን አሁንም ይደገፋሉ።